እጇ ያየው

«ካላየሽ እንዴት ቀለብሽው?»

ጥያቄው የተወረወረው በጥምቀት ዕለት፣ በገሳይ ከተማ ባሕረ ጥምቀቱ ዳር፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ነበር። የጠየቀው ዋልልኝ ነው። የተጠየቀችው የምስራች ናት። መሬት የጠበበቻት ግን እናቷ ካሰች ነበረች።

የምስራች «ዓይኔ ነገር መለየት ተወ» ካለች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ለባዩ ታጭታ፣ ሰርጓ ለጥር መጨረሻ ተቆርጦ ሳለ፣ «እስኪሻለኝ ይቆይልኝ» ብላ አማላጅ ልካለች። ሰዉ ግማሹ አዘነላት፣ ግማሹ አላመናትም። ካላመኗት አንዱ ዋልልኝ ነው፤ የባዩ የአጎት ልጅና ለሰርጉ አንደኛ ሚዜ የተመረጠ። ታቦቱ ወጥቶ ጎረምሳው ሁሉ እንደ ልማዱ ለወደዳት ልጅ ሎሚ ሲወረውር፣ ዋልልኝ መጥቶ ከእናትና ልጅ ፊት ለፊት ስድስት እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ። ስም አልጠራም፤ ድምፅ አላሰማም። ሎሚዋን ወደ ልጅቱ ደረት ወረወራት።

የየምስራች እጅ ከነጠላዋ ውስጥ ወጣና ሎሚዋን አየር ላይ ቀለባት። አልተደናበረችም፤ ወደ ኋላም አላለች።

«እህ!» አለ ዋልልኝ፣ ሰው እንዲሰማለት። «ዕውርም ሎሚ መቅለብ ጀመረ? እስቲ ንገሪን፤ ካላየሽ እንዴት ቀለብሽው?»

የምስራች በእጇ ያለውን ነገር አገላብጣ ተመለከተችው። ፊቷ ላይ ግን የማወቅ ምልክት አልነበረም። «ቢጫ ነው» አለች። ከዚያ ዳበሰችው፤ ወደ አፍንጫዋም አስጠጋችው። «ሎሚ ነው።»

«አይ ብልጠት!» አለ ዋልልኝ።

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ «ሙሽራውን ትቶ ሚዜው ለከፋት» ስትል ሳቁ ባሰ። ካሰች የልጇን ክንድ ጨብጣ ከሕዝቡ መሐል አወጣቻት። እየመራች ወደ ቤት ወሰደቻት። ጥያቄው ግን ከኋላዋ እንደሚከተል ውሻ አልለቀቃትም። እውነት፣ እንዴት ቀለበችው?

የምስራች ደብረ ታቦር ልብስ ሰፊ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የተከራየቻት ክፍል መስኮት አልነበራትም። በኅዳር የጉና ተራራ ብርድ ሲጠናባት ከሰል አቀጣጥላ ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገባች፤ በሩን ዘግታ ተኛች። ጧት አብራት የምትሠራው ልጅ መጥታ ብታንኳኳ ዝም፣ ብትጣራ ዝም ሆነባት። ጎረቤት ተጠርቶ በሩ ተገንጥሎ አወጧት። ሦስት ቀን ሆስፒታል ራሷን ሳታውቅ ተኛች። ስትነቃ አንደበቷ ደህና ነው፣ ጆሮዋ ደህና ነው፣ እግሯም ይሄዳል። ካሰች ካልጋው ጫፍ ተቀምጣ ስታለቅስ ግን፣ ልጅቱ ትክ ብላ አይታት ነርሷን «ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» ብላ ጠየቀች። ካሰች «እኔ ነኝ እንጂ ልጄ» ስትል ነው ድምፁን ለይታ «እማ!» ያለችው።

የዓይን ሐኪሙ መርምሮ «ዓይኗ ጤነኛ ነው» አለ። ኋላ መዘዝ ያመጣው ይኸው ቃል ነው። ዓይኗ ጤነኛ ከሆነ ለምን አታይም? ካሰች ጠበል ይዛት ሄደች። ሁለት ሱባዔ ጨርሰው እንደ ሄዱ ተመለሱ።

ቤት ስትውል ደግሞ ነገሯ ይበልጥ ግራ አጋባ። ቀለም ትለያለች። ላሚቱ የታሰረችበትን ገመድ ተራምዳ ታልፋለች። ጣሳ ሲያቀብሏት ጆሮውን ይዛ ትቀበላለች። ያንኑ ጣሳ መደብ ላይ አስቀምጠው «ይህ ምንድን ነው?» ቢሏት ግን አታውቀውም። ካሰች የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ከደብረ ታቦር ስትመጣ የቤት ሥራዋን ታርምላት የነበረችው የምስራች ናት። አሁን እናት ፊደል ስትለቅም ልጅ ፊደሏን ጣለች። አንዳንድ ጊዜ ካሰች ደብተሯን እንደ ጥፋት ነገር ከልጇ ትደብቀው ነበር።

በቃና ዘገሊላ ማግስት የባዩ አባት አቶ ይሻው መጡ። ገብስና ድንች የሚያመርቱ፣ ቃላቸው የሚከበር ገበሬ ናቸው። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ቢባሉ አልገቡም።

«እቴ ካሰች፣ እኔ ነገር አላበዛም» አሉ ከበሩ ሆነው። «ልጅሽ ከተማ ለምዳለች። ‹ባላገር አላገባም› ማለት አሳፍሯት ‹ዓይኔን› አለች። ይህ የልጅ ነገር ነው፤ ይቅር የሚባል ነው። እሑድ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። ድንጋይ ተሸክማ ከባዩ እግር ትውደቅና ‹አያለሁ፣ አጥፍቻለሁ› ትበል። ሰርጉ በቀኑ ይሆናል።»

«የእውነት ሆኖባት እንደሆነስ፣ አያ ይሻው?»

አቶ ይሻው ዱላቸውን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ። «የእውነት ከሆነማ እግዜር ይማራት። ባዩ አንድ ልጄ ነው፤ ማየት የተሳናትን አላመጣለትም። እሑድ ቁርጡን ንገሪኝ።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ካሰች ተቀመጠች፤ ተነሣች። ገብሱን ልትፈትግ ሙቀጫ ውስጥ ጨመረችና ዘነዘናውን ሳታነሣ ትታው ወጣች። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ፍርድ ሰምታ አታውቅም። ልጇ ውሸታም ከሆነች ሚስት ትሆናለች፤ እውነተኛ ከሆነች ትጣላለች። ካሰች ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ሌላ ልጅ የላትም። «እኔ ብሞት ይህችን ማን እጇን ይይዛታል?» የሚለው ሐሳብ እንደ ቁንጫ ከዚህ ሲያባርሩት ወዲያ እየዘለለ ዕረፍት ነሣት።

ከጓዳ ማማሰያ ይዛ ወጣች። ድምፅ ሳታሰማ ለልጇ ዘረጋችላት። የየምስራች እጅ ቀጥ ብሎ ሄዶ እጀታውን ጨበጠ።

«እንዴት ያዝሽው?»

«አንቺ ነሽ እማ? እኔ እንጃ። ወደ እኔ ሲመጣ እጄ ተቀበለው።»

ካሰች ነጥቃ ወሰደችውና ከፊቷ አቆመችው። «እሺ፤ ምንድን ነው ታዲያ?»

«ሳየው ቡናማ ነው። አሁን ግን ይዤው ስለነበር ማማሰያ መሆኑን አውቄያለሁ።»

«ታሾፊብኛለሽ!»

«እማ፣ እጄ ይሄዳል እንጂ ለእኔ አይነግረኝም።» የምስራች ማልቀስ ጀመረች። «ላንቺም ካልገባሽ ለማን ልንገር?»

ካሰች ማማሰያውን ወረወረችና ወጣች። ከደጅ ሆና ስታስበው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጇ ውሸታም እንድትሆንላት እየተመኘች መሆኗ ታወቃት። አፈረች።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ስትቀመጥ እርሳሷ ሁለት ጊዜ ተሰበረ። አስተማሪዋ እመቤት አጠገቧ መጥታ «እማማ ካሰች፣ ዛሬ ከደብተሩ ጋር ተጣልተዋል መሰለኝ» ስትላት ሆድ ብሷት ሁሉንም ዘረገፈችላት። እመቤት ሰምታ ስትጨርስ አልሳቀችም። ይልቅ ደብረ ታቦር በየወሩ የምትመጣ አንዲት የአንጎል ሐኪም መኖሯን ነገረቻት። «ቀኗ ነገ ነው። ሳይረፍድ ይድረሱ።»

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። የየምስራችን ዓይን በመብራት ከማየት ይልቅ ጥያቄ አበዛችባት። ከጥግ አንድ ባዶ ካርቶን አንሥታ ጎኑን በምላጭ ሰነጠቀችው። «እናት፣ ጠፍጣፋ ነገር ይዘዋል?» ስትል ካሰች ከዘንቢሏ ፊደል የተጻፈበት የትምህርት ቤቷን ካርድ አውጥታ ሰጠቻት።

«የምስራች፣ ይህች ስንጥቅ ቁም ናት ወይስ አግድም?»

«አላውቅም።»

«በግምት። ካርዱን ካለሽበት ሆነሽ እንደ ስንጥቋ አድርገሽ አሳዪኝ።»

የምስራች አግድም ያዘችው። ስንጥቋ ቁም ነበረች።

«እሺ። አሁን ሳታስቢ ዝም ብለሽ ክተቺው።»

እጇ ሄደ። ካርቶኑ ጋ ሳይደርስ፣ መንገድ ላይ ሳለ፣ እጇ በራሱ ጊዜ ዞረና ካርዱ ሽው ብሎ ገባ። ሐኪሟ ካርቶኑን አዘንብላ ደገመችው። ልጅቱ በአፏ ሳተች፤ በእጇ አገኘች። ሦስተኛም አራተኛም እንዲያው ሆነ። ካሰች ማማሰያውን አስታወሰች። የማማሰያው ነገር ይኸው ነበር፤ እሷ ግን አይታ አልገባትም።

«ዓይን ያየውን ወደዚህ ይልከዋል» አለች ሐኪሟ፣ የገዛ ራሷን ከበስተኋላ ነክታ። «ከዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ‹ይህ ሎሚ ነው፣ ይህች እናትሽ ናት› እያለ የታየውን ያስለያል። ሌላው ስም አያውቅም። ሥራው ዓይንና እጅን መምራት ነው፤ ‹ወዲህ ዙር፣ ይህን ያህል ተከፈት፣ አሁን ጨብጥ› ይላል። ጤነኛ ሰው በሁለቱም አብሮ ስለሚሄድ አንድ ይመስሉታል። የከሰሉ ጭስ የመጀመሪያውን ጎድቶባታል። ሁለተኛው ተርፏል። ሎሚዋን የቀለበው እሱ ነው።»

«አልዋሸችም ማለት ነው?»

«አልዋሸችም፣ እናት።»

«ይድንላታል?»

«ጥቂት ሊሻላት ይችላል። በድምፅ፣ በቀለም፣ በመዳበስ መኖርን ትለምዳለች። ይድናል ብዬ ግን አላታልልዎትም።»

ካሰች ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስታው ግን ሳይደርስ እሑድ ትዝ አላት። እንዲያም ሆኖ ወረቀት ለመነች። «በአማርኛ ያድርጉልኝ፤ እኔው እንዳነበው።» ሐኪሟ ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጋ አራት መስመር ጻፈችላት።

ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ከትታ ሚኒባስ ተሳፈሩ። መኪናው ገና ከከተማ ሳይወጣ ካሰች ወደ ልጇ ጆሮ አዘነበለች።

«ስሚኝ። ትሄጃለሽ፤ ትቀጃለሽ፤ የተወረወረ ትቀልቢያለሽ። ማን ያውቅብሻል? እሑድ ‹አያለሁ› ብለሽ ይለፍ። ውሎ አድሮ ይሻልሽ ይሆናል።»

«ባዩ ዝም ብሎ ቤት ቢገባ፣ ባዩ ይሁን ሌላ ወንድ በምን አውቃለሁ?»

«በአረንጓዴ ጃኬቱ። ክረምት ከበጋ አያወልቀውም።»

«ሲተኛስ፣ እማ?»

ከፊታቸው የተቀመጠች ዶሮ የያዘች ሴት ዘወር ብላ በጥርሷ ሳቀች። ካሰች ልጇን በክርኗ ጎሸመቻት።

«ልጅ ብወልድስ?» አለች የምስራች ቀስ ብላ። «ከጎረቤት ልጅ በምን እለየዋለሁ? እስኪያለቅስ ልጠብቅ?»

«እኔ እነግርሻለሁ።»

«አንቺስ እስከ መቼ?»

ካሰች በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ገሳይ ሊደርሱ ሲሉ የምስራች «በይ ያልሽኝን እላለሁ» አለች። «እውነቱን ግን አሁን አንቺም ታውቂዋለሽ።»

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ እንግዶቹ መጡ። አቶ ይሻው፣ ባዩ፣ ዋልልኝ፣ ከነሱም ጋር አባ ሙላቴ የሚባሉ፣ የአገሩን እርቅ ሁሉ የሚይዙ አዛውንት። ከግቢው አጥር ጥግ በርጩማ ተደረደረላቸው። ባዩ እንደ ወጉ በሽማግሌ ፊት አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሎ ተቀምጧል። የምስራች ጠላ ይዛ ወጣች። በየብርጭቆው አፍ ሳታፈስ፣ ሳታሳልፍ ቀዳች።

«ይኸው!» አሉ አቶ ይሻው ፊታቸው ፈካ ብሎ። «እኔስ ምን አልሁ? ይህ የማያይ ሰው አቀዳድ ነው?»

«ከምታየዋ ከእኔ ሚስት ትሻላለች» አለ ዋልልኝ። «የእኔዋ ግማሹን ለመሬቱ ነው የምትቀዳው።»

ሳቁ። ካሰችም በግድ ሳቀች። ልጇን ወደ ጓዳ ይዛ ገባችና የተዘጋጀውን ድንጋይ አነሣች። ክብደቱ የአንድ ሕፃን ያህል ነው። «አረንጓዴውን ጃኬት ፈልጊ» አለቻት። «ሌላ ነገር አትመልከቺ። ጎንበስ በዪ፣ ቃሏን በዪ፣ አለቀ።» ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ አደረገችላት። ካሰች ለልጇ የፈራችው ሁሉ ሌላ ነገር ነው፤ እንቅፋቱን፣ ብርጭቆውን፣ የዋልልኝን ምላስ። ብርዱን ግን አላሰበችውም።

እነሱ ጓዳ ሳሉ ከጉና በኩል ነፋስ ተነሥቶ ነበር። አባ ሙላቴ ከሕመም ገና ማገገማቸው ነውና ጥርሳቸው ተንገጫገጨ። ባዩ ደግ ልጅ ነው፤ ጃኬቱን አውልቆ ደረበላቸው።

ካሰች ከልጇ ኋላ ብቅ ስትል ይህን አየች። መጣራት አልቻለችም። የምስራች ከበርጩማው መካከል፣ መሬት ከተቀመጡት ብርጭቆዎች አንዱንም ሳትነካ፣ ልክ በመስመር እንደሚሄድ ሰው ቀጥ ብላ ሄደች። ከአባ ሙላቴ ጉልበት ሥር ጎንበስ አለች።

«ባዩ፣ ይቅር በለኝ። አያለሁ። አጥፍቻለሁ።»

ላሚቱ ስታመሰኳ ይሰማ ነበር።

«አባ ሙላቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት!» አለ ዋልልኝ። «በስተርጅና ሙሽራ ተገኘልዎት!»

የሳቀለት የለም። የአቶ ይሻው ፊት ጠቆረ። «ልታላግጥብን ነው እንዴ?»

«ተው፣ ተው» አሉ አባ ሙላቴ እጃቸውን አንሥተው። ከሁሉ ቀድሞ ነገሩ የገባቸው እሳቸው ሳይሆኑ አልቀሩም፤ ድምፃቸው ችኩል ነበር። «ልጅቱ ጨዋ ናት፤ ሽማግሌ ማስቀደሟ ነው። ስሙን ደንግጣ ቀላቀለችው እንጂ። እለፊ ልጄ፤ ባዩ ያውልሽ፣ በስተቀኜ።»

ከነገሩ መውጫው በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ካሰች ማድረግ ያለባት ዝም ማለት ብቻ ነው። ልጇ ድንጋዩን እንደ ተሸከመች ቀና አለች። ዓይኗ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ፤ ከአረንጓዴው ወደ ነጩ፣ ከነጩ ወደ ቡናማው። ፈለገች፤ ሰው አላገኘችም። በስተመጨረሻ ያንን ሰው የማይለይ ፊቷን የእናቷ ድምፅ ይመጣል ወዳለችበት መለሰች። ድምፅ ግን አልነበረም። ትጠብቅ ነበር።

ካሰች እግሯ ቀደማት። ደርሳ ድንጋዩን ከልጇ ማጅራት አንሥታ መሬት ጣለችው።

«ሽማግሌ ማስቀደሟ አይደለም» አለች። «አልለየችዎትም። ጃኬቱን ነው ያየችው። ‹አያለሁ በዪ› ያልኋት፣ ጃኬቱን ፈልጊ ብዬ ያስጠናኋት እኔ ነኝ። ድንጋዩም ለእኔ ነበር የሚገባው።»

ወረቀቱን ከደረቷ አወጣች። ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ላይ አሳርፋ ማንበብ ጀመረች። ቃሉ ይጠፋባትና ትመለሳለች፤ ይገኝላትና ትቀጥላለች። ማንም አላቻኮላትም። «ዓይኗ ጤነኛ ነው። ጭሱ የጎዳው አንጎሏን ነው። ያየችውን ነገር ለይታ ማወቅ አትችልም፤ እጇ ግን ባየችው ይመራል። ሕመሟ እውነት ነው።»

«ወረቀት የጫኑትን ይሸከማል» አሉ አቶ ይሻው።

«ወረቀቱን አይመኑት፣ አያ ይሻው። ያዩትንስ? ልትዋሽ የመጣች ልጅ አባ ሙላቴን ባዩ ትላለች?»

ዋልልኝ ብርጭቆውን በእጁ ያሽከረክራል እንጂ ቀና አላለም። ባዩ ተነሣ።

«የምስራች» አለ።

ልጅቱ ወዲያው ዞረች። «ባዩ። እዚያ ነህ እንዴ?»

«እዚህ ነኝ። ሎሚዋን… ዋልልኝ ሲወረውር እኔ ነበርሁ ያሳየሁት የት እንደ ቆማችሁ።»

«አላየሁህም ነበር» አለች የምስራች። «አጠገቤም ብትሆን አላውቅህም ነበር። ስትናገር ብቻ ነው አንተ የምትሆነው።»

ባዩ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ራመደ። ከዚያ አባቱን አየ። አቶ ይሻው ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገዋል። ድምፃቸው እንደ አመጣጣቸው ቁጡ አልነበረም። «እቴ ካሰች፣ ቁርጡን ነገርሽኝ። አልቀየምሽም። ልጅሽን እግዜር ይማራት። የእኔም ቃል ያው ነው፤ ሰርጉ ቀርቷል።»

«ልጄ አልዋሸችም ይበሉልኝ፤ ሌላ አልለምንዎትም» አለች ካሰች። «ገበያም ሲሄዱ፣ ቤተ ክርስቲያንም ሲውሉ።»

«እላለሁ» አሉ።

አቶ ይሻው ወጡ። ዋልልኝ ጠላውን ሳይጨርስ ተከተላቸው። ባዩ ከበሩ ላይ ቆም አለ፤ ከዚያ ጃኬቱን ለአባ ሙላቴ ትቶ እሱም ሄደ። አባ ሙላቴ ነፋሱ እስኪያልፍ ቆዩ። የምስራች ከእናቷ ዘንድ ቀረች።